የመልካሙ ክንድ

ሸጋዬ ሰው ቤት ስትገባ ዓይኗ ከሰላምታዋ ቀድሞ ወደ ላይ ይሄዳል። ለቅሶ ቤትም ቢሆን ያው ነው። የማያውቃት ሰው “ምን ያለች እግዚአብሔርን የምትፈራ ሴት ናት፤ ገና ደጃፍ ላይ ሳለች ወደ ሰማይ ታንጋጥጣለች” ይላል። እሷ ግን የምታየው ሰማዩን የከለለውን ነው፤ ቆርቆሮው ምን ያህል እንደዛገ፣ ወራጁ ቀጥ ብሎ እንደሆነ፣ ኮርኒስ ካለው ደግሞ የቱ ጋ እንደረገበ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንገቷን ወደ ኋላ ቀልሳ ስለሠራች አሁን የሚያማት ቀና ማለት ሳይሆን ማጎንበስ ነው። ለዚህም ሰዉ ስም አላጣለትም፤ “ኩራተኛ” ይላታል።

ሥራዋ የማዳበሪያ ኮርኒስ ነው። በቡሬ ዙሪያ ባለው ገጠር ቤቱ ሁሉ የሣር ክዳን በነበረ ጊዜ ኮርኒስ የሚባል ነገር ያማረው ሰው አልነበረም። ቆርቆሮ ሲመጣ የቀኑ ሙቀት፣ ሰው ከሰው የማያደማምጠው የዝናብ ጩኸት፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከጥቀርሻ ጋር ተቀላቅሎ የሚንጠባጠበው ጥቁር ውኃ አብረው መጡ። አቅም ያለው የችፑድ ጣውላ ያስመታል። የሌለው ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ያስተረትርና ያሳጥባል፤ ሸጋዬ እንደ አንድ ትልቅ አንሶላ አድርጋ ሰፍታ፣ ከግድግዳ ግድግዳ በተጋደመ አጠና ላይ ወጥራ ትመታዋለች። ሲያልቅ ቤቱ ነጭ ይሆናል፤ ባለቤቶቹም ለአንድ ሳምንት ያህል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነጋገራሉ።

“ሸጋዬ ኮርኒስ ትሠራለች” ብሎ የሚናገር ሰው ግን የለም። የሚባለው “መልካሙ ኮርኒስ ይሠራል” ነው። መልካሙ ባሏ ነው። ቤቱን የሚለካው እሱ ነው፤ ከባለቤቱ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው፤ ጠላ የሚቀዳለትም እሱ ነው። ከረጢቱን የምትገዛው፣ የምታጥበው፣ የምትሰፋው፣ ወጥራም የምትመታው ሸጋዬ ናት። እሷ መሰላሉ ላይ ስትወጣ እሱ ሥሩን ይይዝላታል፤ ይዞም “ወደ ቀኝ! ኧረ ወደ ቀኝ!” ይላል። በመንገድ የሚያልፈው ሰው የሚሰማው የእሱን ድምፅ ስለሆነ ሥራው የማን እንደሆነ ተጠራጥሮ አያውቅም።

ሲለካ በክንዱ ነው። እርግጥ ከቀበቶው ላይ የሚንጠለጠል የብረት ሜትር አለው፤ ነገር ግን ጫፉ ተበጥሶ መቁጠር የሚጀምረው ከአርባ ስለሆነ ለማዕረግ እንጂ ለልክ አይሆንም። ሸጋዬም ብትሆን ሜትር አልተማረችም። አራተኛ ክፍል ሳለች መምህሩ “ሜትርን በሚመጣው ዓመት እናየዋለን” ብለው ነበር፤ የሚመጣው ዓመት ለሌሎቹ መጣ፣ ለእሷ ቀረ። የምታውቀው አንድ ሒሳብ ብቻ ነው። የመልካሙ ክንድ ከእሷ ይረዝማል፤ ስለዚህ እሱ ዐሥር ብሎ የመጣውን እሷ በራሷ ክንድ ዐሥራ አንድ አድርጋ ትሰፋለች። ይህን የደረሰችበት በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ኮርኒስ አጥሮባት ነው። መልካሙ እስከ ዛሬ አያውቅም። ኮርኒሱ ልክክ የሚለው ክንዱ ትክክለኛ ስለሆነ ይመስለዋል።

ታዲያ በግንቦት መልካሙ እግሩ ተሰበረ። ከመሰላል ወድቆ አይደለም፤ መሰላል ላይ ወጥቶ አያውቅም። ፍኖተ ሰላም ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ ከፈረስ ጋሪ ሲወርድ ነው። ጋሪው ቆሟል፣ ፈረሱ ቆሟል፣ የተንቀሳቀሰው መልካሙ ብቻ ነበር። ሆስፒታል ጄሶ ታስሮለት፣ እስከ ነሐሴ እንዳይረግጥበት ተነግሮት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ጠያቂ ሲመጣ “ያው የሥራ ነገር” እያለ ትራሱን ያስተካክላል። ሸጋዬም አላረመችውም።

ኮርኒስ የሚመታው ክረምት ሳይገባ ነው። ለዚያ ዓመት ቃል ከገቡት ሦስት ሰዎች ሁለቱ መልካሙ መውደቁን ሲሰሙ “እግዜር ይማረው፤ ሲድን እንነጋገራለን” ብለው ቀሩ። ሸጋዬ “እኔ አለሁ” ብትላቸው ያባበለቻቸው መስሏቸው ፈገግ አሉላት። ያልቀሩት ቄስ ወልደ ዮሐንስ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ቢሆን ምርጫ ስለሌላቸው ነው። ለሰኔ ሚካኤል የማኅበሩ ተረኛ እሳቸው ናቸው። ያለፈው ጊዜ ተራቸው ደርሶ ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ሳለ፣ ከቆርቆሮው የወረደ ጥቁር ውኃ በአናጺው በባምላኩ አዲስ ጋቢ ላይ ጠብ ብሎባቸው ነበር። ባምላኩ ቤቱን ችፑድ ያስመታ ሰው ነው፤ ጋቢውን አላጠበውም እያሉ ያሙታል፤ ለማስረጃ።

ቄሱ ስልክ ደወሉ።

“መልካሙ እንዲህ ከሆነ አንች አትመችውም?”

“እመታዋለሁ አባ።”

“ብቻሽን?”

“ድሮስ...” ብላ ጀምራ ተወችው። “አዎ አባ፣ ብቻዬን።”

“እንግዲያውስ ልብ በይ። ከሥሩ የሚቀመጠው ሃያ አራት አባወራ ነው። ካማረ ሃያ አራቱም ቤት ትገቢያለሽ። ካላማረም ያው ሃያ አራቱም አይተውታል።”

ሸጋዬ ይህን ሳይነግሯትም ታውቀዋለች። ይኸኛው ከተበላሸ ‘መልካሙ ከሌለ እሷ ምን ታውቃለች’ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ መሰላል ይዛ የምትገባበት ደጅ አይኖርም። ካማረ ግን፣ አንድ ጊዜ እንኳ፣ ‘ሸጋዬ መታችው’ ይባል ይሆናል። ይህን ሁለተኛውን ብዙም አላመነችበትም፤ ቢሆንም ልክስ ስንት ነው ብላ ጠየቀች።

“ራሴ ለክቼዋለሁ፤ ዐሥራ ሁለት ክንድ በስምንት” አሉ ቄሱ።

ሸጋዬም እንደ ልማዷ በየዐሥሩ አንድ ክንድ ጨመረች።

ከረጢት የምትገዛው ቡሬ ገበያ ከሳቢሃ ነው። ሳቢሃ ባዶ ከረጢት፣ ሲባጎና የጆንያ መርፌ ትሸጣለች፤ ወሬው ግን ምርቃት ነው።

“መልካሙስ?” አለች ሳቢሃ ከረጢቱን እየቆጠረች።

“ጋሪ ጥሎት ተኝቷል።”

“የቆመው ጋሪ?”

“ሰምተሻላ።”

“ቡሬ ውስጥ ያልሰማ ማን አለ? ፈረሱ ራሱ ደንግጦ እህል አልቀምስ ብሏል አሉ።” ሳቢሃ በሻሿ ጫፍ አፏን ይዛ ሳቀች። “ታዲያ የቄሱን ቤት ማን ሊመታው ነው?”

“እኔ ነኛ።”

“ወላሂ? እስከ ዛሬስ ማን ነበር የሚመታው?”

“እሱ ነዋ።”

“አዪ እቴ! እሱስ ወሬውን ነበር የሚመታው።” ከዚያም ከባንኮኒዋ ሥር አንድ ፌስታል ሙሉ የጠርሙስ ቆርኪ አወጣች። ምስማሩ ከረጢቱን እንዳይቀደው በቆርኪ ውስጥ አልፎ ነው የሚመታው፤ ሸጋዬ ብዙ ጊዜ ከየመጠጥ ቤቱ ደጃፍ ለቅማ ነው የምታገኘው። “እኔው ራሴ መርጬዋለሁ። ሁሉም የለስላሳ ነው፤ አንድም የቢራ የለበትም። ቄሳችሁን ከቢራ ሥር አስቀምጠሽ እንዳታዋርጅን።”

ሰኔ ዐሥር ቀን በማለዳ ሸጋዬ የሰፋችውን ጠቅልላ፣ መሰላሏንና የቀርከሃ ፍልጧን በጋሪ ጭና ቄሱ ቤት ደረሰች። ቄሱ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። መሰላሉን የያዘችላት ባለቤታቸው እታለም ናት። እታለም ዝምተኛ ሴት ናት፤ መሰላሉን ያዘች፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አላለችም። ሸጋዬ መጀመሪያ ላይ ዝምታው ግር ብሏት አንድ ሁለት ጊዜ ወደ ታች አየቻት።

መምታት የጀመረችው ከበሩ ነው። መልካሙ ሁልጊዜ “እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው በሩን ነው” ስለሚል ከበር መጀመር ልማድ ሆኗል። አጠናውን አጋደመች፣ ከረጢቱን ወጠረች፣ በየክንዱ ቆርኪና ምስማር መታች፣ በስፌቱ ላይ የቀርከሃ ፍልጥ አለበሰችው። በወርዱ ግራና ቀኝ ትንሽ ሳብ ሳብ ይላት ነበር፤ ለማጠፊያ የተወችው ትርፍ አለና እሱን እያላላች አለፈችው። ኮርኒሱ እንዲህ ተወጥሮ አያውቅም። እንደ ከበሮ ነው። ደስ አላት።

ደስታው የቆየው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከጓዳ በኩል ያለው ግድግዳ ጋ ልትደርስ ስትል ከረጢቱ ቀድሟት አለቀ። ከጫፉ እስከ ግድግዳው ክንድ ተኩል የሚሆን ባዶ ቦታ ቀረ፤ በዚያ ባዶ ቦታ የዛገው ቆርቆሮ ቁልቁል አያት። ከሥሩ ያለው ደግሞ መደቡ ነው። ታላላቆቹ የሚቀመጡበት፣ ባምላኩም የሚቀመጥበት፣ ጥቁሩ ውኃ የወረደበት መደብ።

ሸጋዬ ወርዳ መሰላሉ ሥር ተቀመጠች።

“አለቀ?” አለች እታለም።

“አለቀ እትየ። ከረጢቱ ነው ያለቀው።”

ቄሱ ገቡ፤ ለመግባት ጎንበስ አሉ። ሸጋዬ ከዚያ በፊት ያየቻቸው ከሩቅ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነበር፤ ቁመታቸው የጥምጣማቸው ይመስላት ነበር። አሁን ጥምጣሙን ፈተው ነው የገቡት፤ እንዲያም ሆኖ ጎንበስ አሉ። ያኔ ነገሩ ገባት።

“ምንድን ነው ይኼ?” አሉ ቄሱ ወደ መደቡ በላይ እያዩ።

“አጠረ አባ።”

“እኔ እኮ ዐሥራ ሁለት ብያለሁ!”

“እኔም የእርስዎን ዐሥራ ሁለት ይዤ ነው የሰፋሁት። ልክዎን ያሳዩኝማ።” ከወዳደቀው የቀርከሃ ፍልጥ አንዱን አንስታ ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ ለካችና በቢላ ቆረጠችው። “እስኪ ክንድዎን ከዚህ ጋር ያስተያዩት።”

ቄሱ ፍልጡን ተቀብለው ክርናቸው ላይ አስደገፉት። እጃቸው ፍልጡን አልፎ ከአንድ ጋት በላይ ሄደ። ለትንሽ ጊዜ ጣቶቻቸውን የሰው ጣት ይመስል ተመለከቷቸው።

“ክንዴን የሠራው እግዚአብሔር ነው” አሉ በመጨረሻ።

“የእኔንም እሱ ነው አባ።”

“ነገ ቡሬ ወርደሽ...”

“ሳቢሃ ያላትን ሁሉ ሰጥታኛለች። ገበያው ደግሞ ቅዳሜ ነው።”

“እንግዲያው ነቅለሽ ጉድለቱን ወደ በሩ አዙሪው።”

“ከነቀልኩት በየምስማሩ ይተረተራል። ያን ጊዜ ያጠረ ብቻ ሳይሆን የተበሳሳም ይሆናል።”

ሸጋዬ ወደ ባዶው ቦታ ቀና አለች። ሃያ አራቱ አባወራዎች አንድ በአንድ ከፊቷ ሲያንጋጥጡ ታዩዋት፤ ባምላኩ ደግሞ ጋቢውን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ።

“ለምን ይደፈናል?” አለች እታለም።

ሁለቱም ዞሩ። እታለም ከጠዋት ጀምሮ የተናገረችው ረጅሙ ነገር ይኸ ነበር።

“የእህቴ ቤት ኮርኒሱ ጥንቅቅ ብሎ ነው የተመታው። ከዚያ ወዲህ አይጡ ከላይ ይጨፍራል፣ ድመቷ ከታች ሆና ታዳምጣለች። አንድ ቀን አዘነችና ሰፈር ቀየረች። እኔ ቤቴ እንዲያ እንዳይሆን ስፈራ ነው የከረምኩት። ይኼው የእኔዋ ድመት መግቢያ አገኘች። የዘር በቆሎዬንም እዚያ እሰቅላለሁ፤ መደቡ ላይ ቆሜ እደርስበታለሁ።”

“ማኅበርተኛው ምን ይላል?” አሉ ቄሱ።

“እርስዎ ምን እንዳሉ ሰምቶ፣ እሱን ይላል።”

ሸጋዬ አላመነችበትም፤ ግን ሌላ መንገድ አልነበራትም። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ የጎደለውን ታስቦበት የተተወ ለማስመሰል ስትለፋ ዋለች። የከረጢቱን ጫፍ በአጠና ጠቅልላ ቀጥ አድርጋ መታችው፤ ከቀረው ቁርጥራጭ ክሩን እየመዘዘች፣ እየቋጨች፣ በዳር በዳሩ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጥላ ያለ ዘርፍ አንጠለጠለችለት። እታለም ከሥሩ በቆሎዋን ሰቀለች። መሃል ላይ መልካሙ ደወለ።

“እንዴት ሆነ?”

“አጠረ።”

“እኔ ብለካው ኖሮ...”

“አዎ።”

“ወደ ቀኝ ወጥረሽዋል?”

“ወጥሬዋለሁ” አለችና ስልኩን ዘጋች።

ሰኔ ዐሥራ ሁለት ማኅበርተኛው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገባ። ሸጋዬ ጓዳው በር ላይ እንሥራ ይዛ ከሴቶቹ ጋር ቆማለች። የሚገባው ሁሉ ቀና ይላል። “እሰይ! ነጭ!” ይላል። አንዱ ሽማግሌማ ጫማቸውን ሊያወልቁ ቃጥቷቸው ነበር። ጸሎቱ ተደረገ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ። ባምላኩ መደቡ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ፤ ዋንጫውን ተቀበለ፤ ሊጠጣ አንገቱን ቀና ሲያደርግ ቆም አለ።

“አባ፣ ቆርቆሮው ታየኝ።”

ሁሉም ከመደቡ በላይ ቀና ብለው አዩ። ሸጋዬን እንሥራው ከበዳት።

“አስከፍቼው ነው” አሉ ቄሱ።

“ለምን?”

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ባምላኩ ፈገግ ማለት ጀመረ፤ ሸጋዬ ፈገግታው ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለች፤ ወደ እሷ ነው።

ይኼኔ የእታለም ድመት ከመደቡ ሥር ወጣች። ምን እንደሸተታት እንጃ፣ መደቡ ላይ ዘለለች፣ ከመደቡ ወደ ባምላኩ ትከሻ፣ ከትከሻው በበቆሎው ተንጠላጥላ በዘርፉ መሃል አልፋ ገባች። ከዚያ የታየው ከረጢቱ ነው። አራት ትናንሽ እብጠቶች ነጩ ኮርኒስ ላይ ቀስ እያሉ ከመደቡ ወደ በሩ ሄዱ። ሃያ አራት አባወራ በዓይኑ ተከተላቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። አንድ ትልቅ ዱብ የሚል ድምፅ፣ አንድ ትንሽ ጩኸት ተሰማ። እብጠቶቹ በመጡበት ተመለሱ፤ ድመቷም በዘርፉ መካከል ፊቷን ብቅ አደረገች። በአፏ የያዘችው አይጥ ጅራቱ ከባምላኩ ዋንጫ በላይ ይወዛወዛል።

“ለዚህ ነው” አሉ ቄስ ወልደ ዮሐንስ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ባምላኩ ዋንጫውን አራቀና ራሱም ሳቀ። “የእኔ ቤት’ኮ ችፑድ ነው ብዬ እኮራለሁ፤ ልጆቼ ግን ከአይጡ ኮቴ የተነሳ እንቅልፍ አጥተዋል” አለ። አንዱ ይህን ከደፈረ በኋላ ሁሉም ቤቱን ማማት ጀመረ። አንዱ አይጡ ኮርኒሱ ላይ ወልዶ የልጅ ልጅ አይቷል አለ። ጠላው ዳግም ሳይዞር ሰባት ሰው “የድመት መግቢያ ያለው” ኮርኒስ ፈለገ።

“ይኼን ያሰበው መልካሙ ነው?” አለ ባምላኩ።

ሸጋዬ ቄሱን አየቻቸው። ቄሱ ኮርኒሱን አዩ።

“ከመልካሙ ጋር መክረንበት ነው” አሉ።

እታለም ከጓዳ ሆና አፏን ከፈተች፤ ሸጋዬ በክርኗ ነካ አደረገቻት። አንድ ውሸት የተናገሩ ቄስ ሁለተኛ ቢናገሩ ለእሷ ምን ይጨምርባታል። ይልቅ የገረማት አለመገረሟ ነው።

“እንግዲህ መልካሙ እስኪነሳ እንጠብቃለን” አለ ባምላኩ።

“እስከ ነሐሴ አይነሳም” አለች ሸጋዬ ከበሩ። “ክረምቱ አይጠብቀውም። የምመታው እኔ ነኝ።”

“መምታቱንስ ትመችዋለሽ። ችግሩ ልኩ ነው እንጂ። ልክ የእሱ ነው።”

ሰባቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሸጋዬ እንሥራውን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ከተረፈው የቀርከሃ ፍልጥ ሰባት መርጣ፣ ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ እየለካች ቆረጠችና ይዛ ገባች። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰጠቻቸው።

“ይኸው፣ የመልካሙ ክንድ። ቤታችሁን በዚህ ለኩና ቁጥሩን በስልክ ንገሩኝ። በገዛ ክንዳችሁ እንዳትለኩ፤ አደራ።”

ሰባቱ ፍልጡን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ባምላኩ የእሱን ከራሱ ክንድ ጋር አስተያየው።

“አጠር አላለም?”

“ተኝቶ ነው የተለካው” አለች ሸጋዬ።

ይኼ ለሁሉም በቂ ምክንያት ሆነላቸው።

በዚያ ሰኔና ሐምሌ ሰባቱንም መታች። ዝናቡ እየቀደማት፣ እሷ እየቀደመችው። በየዐሥሩ አንድ መጨመር ቀረ፤ የተነገራትን ቁጥር ሰፍታ ስትሄድ ከግድግዳ ግድግዳ ልክክ ይላል፤ ለድመቷ ከምትቀንሰው ክንድ ተኩል በስተቀር። በየደጁ “የመልካሙ እጅ ይባረክ” ይሏታል። እሷም “አሜን” ትላለች።

አንድ ቀን ከባለ ኮርኒሶቹ አንዱ ሊያመሰግን መጥቶ ፍልጡን መልካሙ አልጋ ላይ ትቶት ሄደ። መልካሙ አነሳውና ክንዱ ላይ አደረገው። ጣቶቹ ፍልጡን አልፈው ወጡ። ደግሞ ለካው፤ በሌላው ክንዱም ለካው።

“ሰዎቹ ቆርጠውታል” አለ።

“ይሆናል” አለች ሸጋዬ። ዓይኗ ወደ ላይ ነው፤ የእነሱ ቤት ኮርኒስ የለውም፤ መልካሙ ገና አልለካውም።

“ታዲያ እንዴት ገጠመ?”

“የአንተ ልክ’ኮ መቼ ስቶ ያውቃል?”

መልካሙ ፍልጡን ግድግዳው ላይ፣ ከተበጠሰው ሜትር አጠገብ ሰቀለው።

ነሐሴ መጀመሪያ ሸጋዬ ቡሬ ወረደች። ሳቢሃ ከአንድ ገበሬ ጋር ትጨቃጨቃለች፤ ሰውየው ለአልጋ መከለያ ስድስት ክንድ የተሰፋ ከረጢት ይፈልጋል፤ በማን ክንድ የሚለው ነው ያላስማማቸው።

“በመልካሙ ክንድ ለክተሽ ስጭኝ” ይላል ሰውየው። “አሁን አገሩ ሁሉ በእሱ ነው የሚለካው። እንጨቱ የለሽም እንዴ?”

ሳቢሃ ሸጋዬን አየቻት። ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ሳቋን ዋጠች።

“እንጨቱ የለኝም” አለች ለሰውየው። “ግን እግዜር ሲሰጥ ራሱን መልካሙን ይሰጣል። ነይማ አንች፣ ዘርጊው።”

ሸጋዬ ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች፤ እጅጌዋን ሰበሰበችና ክንዷን ከረጢቱ ላይ ዘረጋች። ሳቢሃ በጣቷ እየያዘች ቆጠረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰውየው አንገቱን አስግጎ ተመለከተና እንዳይጭበረበር ስድስተኛውን እንድትደግምለት ጠየቀ። ሸጋዬም ደገመችለት።